በፔርሙስ የበሰለ ምስር፤ ከደብረ ብርሃን እስከ ሐዋሳ

ከሐዋሳ ከተመለስኩ ጀምሮ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ የሚጠይቁኝ ስለ ሐይቁ ነው። ሐይቁ አለ። ሰፊ ነው። አባ ኮዳ የሚባለው መላጣ ወፍ ዳር ዳሩን እንደ ጡረተኛ ቆሞ ይውላል። ከዚህ በላይ ብትጠይቁኝ አፌን ሞልቼ የምናገረው የለኝም። እኔ ያንን ሳምንት ያሳለፍኩት በአንዲት ጠባብ የጴንሲዮን ክፍል ውስጥ፣ በአንድ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ፣ በአንድ ፔርሙስና በአንዲት ትንሽ ድስት አባቴን ስመግብና አባቴን ስጠብቅ ነው። የጠበቅኳቸው ከሌባ አይደለም፤ ከሚወዷቸው ሰዎች ነው።

የሄድነው ለዓይናቸው ነው። የግራው ከጠፋ ቆይቷል። ቀኙንም ሞራ እየጋረደው መጥቶ፣ ከገና ወዲህ ሰው የሚለዩት በድምፅ ብቻ ነበር። አዲስ አበባ ብንጠይቅ ወረፋው የሚደርስ አይመስልም። በዚህ መሃል ሐዋሳ የሚኖሩት የድሮ ጓደኛቸው ጋሽ ዱካሞ ደወሉ። የዓይን ሐኪሞች ለአንድ ሳምንት መጥተው ሞራ በነጻ ሊገፍፉ ነው፤ ጋሽ ዱካሞ በማለዳ ተሰልፈው የአባቴን ስም አስመዝግበዋል። «ይምጣ ብቻ! ሌላው የኔ ነው» አሉኝ።

እኔን ያስፈራኝ ያ «ሌላው» ያሉት ነገር ነው። አባቴ ስኳር አለባቸው። ከስኳሩ የሚብሰው ደግሞ ይሉኝታ አለባቸው። ሰው ያቀረበላቸውን እምቢ ማለት በእሳቸው ዘንድ ሰውን ከመስደብ እኩል ነው። ስለዚህ የጋሽ ዱካሞን ቤት ትቼ ርካሽ ጴንሲዮን ልይዝ፣ ምግባቸውንም በገዛ እጄ ልሠራ ወስኜ ተነሳሁ።

ሰኞ

ከደብረ ብርሃን የወጣነው ገና ጎህ ሳይቀድ ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ አባቴ ጋቢያቸውን ደራርበው ዓይናቸው ብቻ ቀርቷል። በቦርሳዬ ውስጥ ክክ ምስር፣ የገብስ ቅንጬ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ በላስቲክ የቋጠርኩት ጨውና እርድ፣ ቢላዋ፣ ማንቆርቆሪያው፣ ፔርሙሱ፣ ድስቷና አንድ ለእጅ የሚቀል የኤሌክትሪክ ምድጃ አሉ። ልብስ የያዝኩት በተረፈው ቦታ ነው።

ኬላ ላይ ፈታሹ ቦርሳዬን ከፍቶ ምድጃውን ያገላብጥ ጀመር።

«እናቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ወጥ መሥሪያ።»

«የት ሊሠሩበት?»

«ሆቴል።»

«ሆቴል ወጥ የለም እንዴ?» አለና ጓደኛውን ጠራ። ሁለቱም ሳቁ። አውቶቡስ ሙሉ ሰው ዞሮ አየኝ። እኔ በብሽቀት ምድጃዬን ነጥቄ መለስኩት። አባቴ ግን «ሙሉ፣ ቀስ በይ፤ ሥራቸው ነው» አሉኝ። ለሰው ሁሉ ጠበቃ ናቸው።

አዲስ አበባ መኪና ቀይረን፣ ከሞጆ ወዲያ አገሩ እየሞቀ ሄደ። አባቴ ጋቢያቸውን አውልቀው አጣጠፉ፤ እኔም ሹራቤን አወለቅኩ። እኛ አገር በዚህ ሰዓት ሰው ፀሐይ ፍለጋ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፤ እዚህ ሰው ከፀሐይ ለመሸሽ ጥላ ፍለጋ ይሮጣል። ዝዋይ ስንደርስ መንገደኛው ለምሳ ወረደ። እኔ መኪናው ውስጥ ሆኜ እንቁላል ልጬ፣ በግማሽ እንጀራ ጠቅልዬ ለአባቴ ሰጠሁ። ውሃ ልገዛ ወርጄ ስመለስ ከጎናቸው የተቀመጠች ሴት ዳቦ በማር እያጎረሰቻቸው ነው።

«ምነው አባዬ?» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ልጅቱ አጎረሰችኝ። አፌን ልዝጋባት?»

ሴትዮዋ ፈገግ ብላ ሁለተኛውን አዘጋጀች። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለች።  ገና ከመንገዱ እንዲህ ከሆነ፣ ሐዋሳ ስንደርስ ምን ሊሆን ነው እያልኩ ነበር።

መናኸሪያው ጋ ጋሽ ዱካሞ ቆመው ይጠብቁን ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው አባቴ በሚነዱት የጭነት መኪና ላይ ረዳት ነበሩ፤ አሁን መሃል ከተማ የቤት ዕቃ መሸጫ ሱቅ አላቸው። «ጌታነህ!» ብለው ተጠመጠሙባቸው። አባቴ ፊታቸውን በእጃቸው ዳሰሷቸው። ሁለቱም አለቀሱ። እኔም ዓይኔ እንባ አዘለ፤ ነገር ግን ወዲያው «ቤት እህል ተሰናድቷል» ሲሉ እንባዬ ደረቀ።

«ጋሽ ዱካሞ፣ አልጋ ይዘናል። ለክሊኒኩ ቅርብ እንዲሆን ብዬ ነው።»

«የኔ ቤት እያለ አልጋ ቤት?» አሉ። አልተቆጡም። የከፋቸው ግን ከፊታቸው ይነበብ ነበር። ባጃጅ ጠርተው ራሳቸው ሻንጣችንን ጭነው ጴንሲዮኑ ድረስ ሸኙን። የጴንሲዮኑ ባለቤት ወይዘሮ እልፌ ቁልፍ ሰጥተውን ሲወጡ፣ በሩ ላይ የተለጠፈውን አነበብኩ፦ «ክፍል ውስጥ ምግብ ማብሰል በጥብቅ የተከለከለ ነው።» ቦርሳዬን በእግሬ ገፍቼ አልጋው ሥር ከተትኩት።

ማክሰኞ

ክሊኒኩ የሚገቡት በሽተኛና አንድ አስታማሚ ብቻ ስለሆኑ ጋሽ ዱካሞ በሩ ላይ ቀሩ። ወጣቱ ሐኪም የአባቴን ዓይን በብርሃን አይቶ «ይሠራል» አለ።  ቀጥሎ ጣታቸውን ወግቶ ስኳራቸውን ለካና ፊቱ ተለወጠ።

«በዚህ ስኳር ቢላዋ አላሳርፍም። ቁስሉ አይድንም፣ ዓይኑም ሊጠፋ ይችላል። መድኃኒታቸውን ከፍ አድርጌያለሁ። አርብ ጠዋት ሳይበሉ ይምጡ። ከሁለት መቶ በታች ከሆነ እሠራለሁ። ካልሆነ አዝናለሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት እኛ ተመላሽ ነን።»

አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ በሆዴ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ እያልኩ ነበር። በሩ ላይ ጋሽ ዱካሞ «ምን አሉት?» ሲሉ አባቴ ቀድመውኝ «አርብ ቀጥረውኛል» አሉ። ሌላ ነገር አልጨመሩም። እኔ ስለ ስኳሩ ቀድሞውኑ የሚያውቁ መስሎኝ ዝም አልኩ።

እንግዲህ ሆቴል ውስጥ ማብሰል ለሚያስፈልጋችሁ፣ የሠራሁትን ልንገራችሁ። ምስሩን አጥቤ ቀን ቀን ውሃ ውስጥ እዘፈዝፈዋለሁ። ማታ ፔርሙሱን በፈላ ውሃ አሙቄ ውሃውን ደፍቼ፣ ምስሩን ጨምሬ ከማንቆርቆሪያው የሚፈላ ውሃ ሞልቼበት ክዳኑን ጥርቅም አደርጋለሁ። ለጥንቃቄ በጋቢ እጠቀልለዋለሁ። ጠዋት ሲከፈት ምስሩ በስሏል፤ አይጮህም፣ አይሸትም፣ መብራት አይፈጅም። የገብሱ ቅንጬም እንደዚያው። እንቁላል ማንቆርቆሪያው ውስጥ ይቀቀላል፤ ውሃው ከፈላ በኋላ ክዳኑን ዘግታችሁ መተው ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም ለማቁላላት ግን ምድጃው ግድ ነው። ለዚያ በሩን ቆልፌ፣ ከበሩ ሥር ፎጣ ደፍኜ፣ መስኮቱን ከፍቼ፣ እንደ ሌባ ነበር የማቁላላው።

የመጀመሪያውን ቀን ስቸኩል ፔርሙሱን ደፋሁት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔም ምስሩን ከአልጋው ሥር በጣቴ ለቀምኩ። አባቴ አልጋ ላይ ተቀምጠው ድምፁን እየሰሙ «ምን እየሠራሽ ነው?» አሉ። «እየጸለይኩ ነው» አልኳቸው። ተንበርክኬ ስለነበር ግማሹ እውነት ነው።

ረቡዕ

ጠዋት በራሳችን መለኪያ ጣታቸውን ወጋሁ። ቁጥሩ ወርዷል፤ ብዙ ባይሆንም ወርዷል። ደስ አለኝና ዓሣ ልግዛላቸው ብዬ ወደ ሐይቁ ወጣሁ። ሃምሳው ስላልወጣ የረቡዕ ጾም የለብንም። አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ ገበያ ዓሣ አጥማጆቹ ያወጡትን እዚያው ገፈው ይሸጣሉ። ቆዳው ተገፎ፣ አጥንቱ ወጥቶ፣ ነጭ ሥጋው ብቻ በላስቲክ ይሰጣችኋል። እኛ አገር ዓሣ የሚበላው ከስንት አንድ ጊዜ ነው፣ የሚሸጠውም በረዶ ሆኖ፤ እዚህ ከእንቁላል ይረክሳል። ሰዉ እዚያው ጥሬውን በሚጥሚጣ ይበላዋል። እኔ ቀና ብዬ አላየሁም።

ዓሣውን በቲማቲምና በቃሪያ ጣል ጣል አድርጌ ገና ስጀምር ሁለት ነገር ሆነ። ሽታው በፎጣውም በመስኮቱም አልፎ ኮሪደሩን ሞላው። ወዲያው መብራት ጠፋ፤ የጴንሲዮኑ ሰው ሁሉ «ምን ሆነ?» እያለ ከክፍሉ ወጣ። በራችን ተንኳኳ። ድስቷን አልጋው ሥር ከትቼ ከፈትኩ። ወይዘሮ እልፌ ናቸው። በዚያ በአባ ኮዳ አስተያየት አዩኝ። ከአልጋው ሥር ጭስ ይወጣል።

«እህቴ፣ አልጋው እየተቃጠለ ነው?» አሉኝ።

 «ያባረሩን እንደሆነ አርብ ድረስ የት እንገባለን?» የሚለው ብቻ ነበር በጭንቅላቴ የሚዞረው። አባቴ ከተኙበት ቀና ሊሉ ግድግዳውን ሲዳብሱ ወይዘሮ እልፌ አዩ። ዓይናቸውን አዩ። «ድስቱን አምጪው» አሉኝ። «ክልክል ያልኩት ለሽታው አይደለም፣ ለመብራቱ ነው። አንድ ምድጃ ሲሰካ የሕንጻው ሁሉ ይጠፋል። ከጓሮ የእንጨት ምድጃ አለኝ። እዚያ ሥሪ።»

እንዲህ ያለ ደግነት አገኛለሁ ብዬ አልጠበቅኩም። ዓሣው በእንጨት እሳት ላይ ከተማውን ሁሉ የሚያስጎመጅ ሆኖ ወጣ፤ ወይዘሮ እልፌም ቀምሰው «ጨው ረስተሻል» አሉ። አልረሳሁም፣ ቀንሼ ነው። ከሰዓትም ለማታው ጎመን ልቀቅል ወደዚያው ጓሮ ሄድኩ። አባቴን ግቢው በር ላይ ጥላ ሥር አስቀምጬ መሄዴ ትልቅ ስህተት እንደነበር ያወቅኩት በማግሥቱ ነው።

ሐሙስ

ጠዋት መለኪያውን አየሁ። ቁጥሩ ወጥቷል፤ ማክሰኞ ወደነበረበት ሊደርስ ምንም አልቀረውም። የበሉትን አንድ በአንድ አሰብኩ። ምስር፣ ዓሣ፣ ጎመን፣ እንቁላል። ሽንኩርቱ በዛ እንዴ? ቅንጬው ይሆን? «አባዬ፣ ሌላ ነገር በልተዋል?» አልኳቸው።

«እኔ ምን እበላለሁ? አንቺ ያበላሽኝን ነው እንጂ።»

ገበያ ደርሼ ቲማቲም ስመርጥ ቦርሳዬን ክፍል ውስጥ መርሳቴ ትዝ አለኝና ተመለስኩ። ግቢው በር ላይ አባቴ ከጋሽ ዱካሞ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በእጃቸው ትልቅ ብርጭቆ ይዘዋል።

«አባዬ፣ ምንድን ነው የሚጠጡት?»

«ውሃ» አሉ። ጢማቸው ላይ አረንጓዴ ተለጥፏል።

ጋሽ ዱካሞ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሱ። «አቮካዶ ነው፣ ከጓሮዬ። ማር ጨምሬበታለሁ። ትናንትም አምጥቼለት ወደደው።»

ደሜ ፈላ። «ጋሽ ዱካሞ፣ ለመሆኑ አባቴን ይወዷቸዋል ወይስ ይጠሏቸዋል?» አልኩ። አባቴ «ሙሉ!» ብለው ጮኹ። ጋሽ ዱካሞ እኔን አዩ፣ አባቴን አዩ፣ ብርጭቆውን ከአባቴ እጅ ተቀብለው «ምን አጠፋሁ?» አሉ። አባቴ ጢማቸውን በእጃቸው ጠረጉ። ጋሽ ዱካሞ «ማታ ፍቼ ነው። የእኛ የሲዳማዎች አዲስ ዓመት ዋዜማ። ቤት ትመጣላችሁ» ብለው አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ።

ክፍል ገብተን በሩን ዘጋሁት። «ስኳር እንዳለብዎ እያወቁ እንዴት ማር ያጠጡዎታል?»

«አያውቅም።»

«እንዴት አያውቁም?»

«አልነገርኩትማ። ከየት ያውቃል?»

ቁጭ አልኩ። አባቴ ወደ ግድግዳው ዞረው ነበር የሚናገሩት። «ስሚ። ያኔ መንገድ ላይ ሹፌር በልቶ ሲነሳ ነው ረዳት የሚበላው። እኔ ነኝ ዱካሞን ከሳህኔ ያበላሁት። እሱ ይህንን አልረሳም። ዛሬ የማብላት ተራው ደርሶ፣ ቤት ሠርቶ፣ ልጅ ወልዶ ሲያበላኝ፣ እኔ እጁን ልግፋው? ዓይኔ ይቅር። የዱካሞን ፊት አላጠቁርም።»

«እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«ብትነግሪው ነገ ክሊኒክ አልሄድም። በአባትነቴ።»

 ማታ ከበዓሉ ገበታ ለምልክት ያህል ብቻ ሊቀምሱ ተስማሙ። እኔ አላመንኳቸውም። የእራታቸውን ምስር ድስቷ ውስጥ አድርጌ፣ በነጠላዬ ጠቅልዬ ያዝኩ።

የጋሽ ዱካሞ ቤት ታቦር ተራራ ነው፣ ዳገቱ ላይ። እኛ ዳገት የለመድን ሰዎች ነን፤ ያ ዳገት ግን ከበደኝ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ደረስን። ግቢው ውስጥ ከለምለም ቅርንጫፍ የታጠፈ በር የመሰለ ነገር አቁመዋል። ቤተሰቡ በሙሉ አንድ በአንድ ጎንበስ እያለ ያልፍበታል፤ አሮጌው ዓመት እዚያ ይቀራል ይላሉ። ጋሽ ዱካሞ አባቴን እጃቸውን ይዘው አሳለፏቸው። «አይዴ ጨምበላላ!» ተባባሉ፤ የበዓል ሰላምታቸው ነው። የጠዋቱን ነገር ያነሳ የለም። ባለቤታቸው እትዬ ማርታ አቅፈው ሳሙኝ። ያን ጊዜ ይበልጥ አፈርኩ።

ቤት ውስጥ ትልልቅ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ዙሪያውን ተቀምጠዋል። መሃል ላይ ሻፌታ የሚሉት ሰፊ የሸክላ ገበታ ቀረበ። ውስጡ ቡሪሳሜ ነው፤ የእንሰት ዱቄት በቅቤ የታሸ፣ ቅቤው ከላይ ተንጣልሎ የሚያብረቀርቅ። በዚያች ማታ ቤተሰብ ሁሉ ከዚያ ከአንዱ ገበታ ይበላል። የተቀየመ ካለ ሳይታረቅ እጁን አይሰድም። ጋሽ ዱካሞ «ሃይማኖታችን ጌታ ነው፤ ይሄ ደግሞ የአባቶቻችን ነው» ብለው ቆመው ጸለዩ። ሁሉም «አሜን» አለ። ከዚያም «ጌታነህ፣ አንተ ጀምር» አሉ።

አባቴ እጃቸውን ዘረጉ። ትንሽ ሊቆርሱ አይደለም፤ አይቻቸዋለሁ፣ ጣታቸውን በደንብ ነው የከፈቱት። ቅቤው ጣታቸውን ሲነካ እኔ አንጓቸውን ያዝኩ። በሰው ፊት፣ በሰው በዓል፣ የአባቴን እጅ ከገበታ ላይ ያዝኩ። 

«ስኳር አለባቸው» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። «ከሁለት መቶ በታች ካልወረደ ነገ አይሠሩላቸውም። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

አባቴ እጃቸውን መነጨቁኝ።  ፊታቸው ከሰል መሰለ። ጋሽ ዱካሞ ለእትዬ ማርታ በሲዳምኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ እትዬ ማርታ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። አሁን ተነሱ ውጡ ይሉናል ብዬ ጫማዬን በዓይኔ ስፈልግ ጋሽ ዱካሞ ወደ እኔ ዞሩ።

«ለሱ የሠራሽው አለ?»

ነጠላዬን ፈታሁ። ያቺን ድስት ተቀብለው ከሻፌታው ጎን መሃል ላይ አስቀመጧት። «እኔ ሹፌር በልቶ እስኪነሳ ጠብቄ አላውቅም» አሉ ለልጆቻቸው። «ይሄ ሰው ‹ና ቁጭ በል› ብሎኝ ካንድ ሳህን ነው የበላሁት። ዛሬም ካንድ ሳህን ነው።» ከምስሩ ጎርሰው አላመጡ። «ጨው የለውም» አሉ። ከዚያ አባቴን አጎረሱ። «ሞያሌ መንገድ ላይ ከመኪናው ሥር የቀቀልከው ይብስ ነበር፣ ጌታነህ። ድንጋይም ነበረው።»

እትዬ ማርታ ቀጥለው ከምስሩ ቀመሱ። ልጆቻቸው ቀጠሉ። ከዚያች ድስት ሳይቀምስ ወደ ሻፌታው እጁን የሰደደ አንድም ሰው የለም። ምስሩ ለሁሉም የሚበቃ አልነበረም፤ እነሱ ግን በጣት ጫፍ እየቀነጠቡ አዳረሱት። የቀረውን አባቴ በሉ። እያለቀሱ ነበር። እኔን ግን አላናገሩኝም።

አርብ

ጠዋት ስነሳ አባቴ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። አልለበሱም። «አባዬ፣ ይልበሱ፤ ሰዓቱ ደርሷል» ብል አልተነቃነቁም። ጫማቸውን አቀረብኩ፤ እግራቸውን ሰበሰቡ። የማሉት መሐላ ትዝ አለኝ። ዓይናቸው ብቻ ሳይሆን አባቴ ራሳቸው ከእጄ የወጡ መሰለኝ። ልለምን ተንበርክኬ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ዱካሞ የበዓል ልብሳቸውን ለብሰው፣ በትራቸውን ይዘው ቆመዋል።

«ጉዱማሌ አልሄዱም እንዴ?» አልኩ። ከተማው በሙሉ ለበዓሉ ወደዚያ ሜዳ እየተመመ ነበር።

«እሄዳለሁ። መጀመሪያ እሱን አድርሼ» አሉና ወደ አባቴ ዞሩ። «ተነስ ጌታነህ። ጨው የሌለው ምስር ያበላኸን በከንቱ እንዳይሆን።»

አባቴ ፈገግታቸውን ሊደብቁ ሞከሩ። ከዚያ ክንዳቸውን ለእኔ ሳይሆን ለጋሽ ዱካሞ ሰጥተው ተነሱ።

መንገዱ ተዘግቶ ባጃጅ የለም። በእግራችን ሄድን። ከፊት ለፊታችን እየዘፈነ፣ በትር እያነሳ፣ እየዘለለ የሚመጣው ሕዝብ እንደ ጎርፍ ነው፤ እኛ ሦስታችን ብቻ ነን በተቃራኒው የምንሄደው። ሽማግሌዎች ጋሽ ዱካሞን እያዩ «አይዴ ጨምበላላ! ወዴት ነው?» ይሏቸዋል። እሳቸው በትራቸውን ከፍ አድርገው በሲዳምኛ ይጮኻሉ፤ ሰዉ ለሁለት ይከፈልልናል። እኔ ከኋላ የአባቴን ጋቢ ጨብጬ እከተላለሁ። ሰዓቴን ባየሁ ቁጥር እርምጃዬን አፈጥናለሁ።

ክሊኒኩ ስንደርስ ነርሷ «ዘገያችሁ፤ ሐኪሙ የመጨረሻዎቹን እየሠራ ነው» አለች። የአባቴን ጣት ወጋች። መለኪያው እስኪቆጥር እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ፣ አማተብኩ። ጋሽ ዱካሞን ዛሬ ከበሩ የመለሳቸው አልነበረም፤ ከጎኔ ሆነው በጌታ ስም እየጸለዩ ነው። አባቴ ብቻ ናቸው ያልጸለዩት።

«አልፈዋል» አለች ነርሷ። ለጥቂት ነበር ያለፉት፣ ግን አልፈዋል። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። አባቴ እንደያዙት የጋሽ ዱካሞን እጅ ሳይለቁ እስከ ቀዶ ጥገናው በር ድረስ ሄዱ። ዞር ብለው አንዲት ቃል ቢናገሩኝ ብዬ ጠበቅኩ፤ አልዞሩም።

ቅዳሜ

ፋሻው የተፈታው ጠዋት ነው። ሐኪሙ ጣቱን አሳይቶ «ስንት ነው?» አላቸው። «ሦስት» አሉ። እንደገና አሳያቸው። «አንድ። ጥፍርህን ቁረጥ» አሉት። ሐኪሙ ሳቀ። አባቴ ጋሽ ዱካሞን ለረጅም ጊዜ አዩአቸውና «ሽማግሌ ሆነሃል፣ ዱካሞ» አሉ። «አንተ መስታወት አላየህም» አሏቸው ጋሽ ዱካሞ፣ በባርኔጣቸው እንባቸውን እየጠረጉ።

እኔ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። ከሐሙስ ማታ ጀምሮ አንድ ቃል ስላላናገሩኝ መቅረብ ፈርቼ ነበር። አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። ተነሱና ማንም ሳይመራቸው መጡ። ፊቴን፣ አንገቴን፣ ትከሻዬን በዚያች በአንዲት ዓይን እያገላበጡ አዩ። ይቆጡኛል ብዬ አቀረቀርኩ።

«ሙሉ» አሉ ድምፃቸው ተሰብሮ፣ «መቼ ነው እንዲህ የከሳሽው?»

 ያቺን ሳምንት ብቻ ሳይሆን ዓይናቸው ከደከመበት ጊዜ ጀምሮ እሳቸው የጎረሱትን እንጂ እኔ የጎረስኩትን አስቤ አላውቅም። ሰውም ጠይቆኝ አያውቅም። እዚያ ክሊኒክ በር ላይ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቅኩ።

አባቴ ጋሽ ዱካሞን «ያ የሐሙስ ማታው ምግብ ቤትህ ተርፏል?» ብለው ጠየቁ። ያን ቀን ምሳ ታቦር ወጣን። እትዬ ማርታ አዲስ ቡሪሳሜ በቅቤ አሽተው እርጎ ጨምረው አቀረቡልኝ። አባቴ ከፊት ለፊቴ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ ራሳቸው ምንም አልነኩም። እኔ በላሁ፤ ቅቤው እስከ አንጓዬ ወረደ። እስክጨርስ ድረስ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሱም።